የእሁድ ደዋይ

ወይዘሮ ብርሃነሽ ከሞተ ሠላሳ አምስት ቀን ከሆነው ልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ፣ ስመኝ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማ ነበር። እሁድ ጠዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ስልኩ የስመኝ ነው፤ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እናቷ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። «ብሬ፣ ጣራውን አሠራሁት እኮ» አለ ከወዲያ በኩል የሚመጣው ድምፅ፣ ሳል ሳል እያደረገው። «ክረምቱ ሳይገባ ጨረስኩልሽ።» ወይዘሮ ብርሃነሽ ደስ አላቸው። ቆርቆሮ ዛሬ ስንት እንደገባ ጠየቁ፤ የጎረቤቱ ውሻ አሁንም ያላዝን እንደሆነ ጠየቁ፤ የተከለው አቮካዶ መጽደቁንም ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ያደረጉ መሰላቸው እንጂ ጆሯቸው ስለደከመ ኩሽና ድረስ ይሰማል። «ሊባኖስ የሚባለውን ግን ተወው። እኔ እንደሞተ ቆጥሬዋለሁ። አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ በየሳምንቱ ድምፅህን ታሰማኛለህ፤ እሱ አርባ ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጦ እናቴ አለች ወይ አላለም። ማክሰኞ ልቤን ሊከፍቱት ነው። ብሞት እንዳይቀብረኝ። ንገረው፣ አደራ።»  ከወዲያ በኩል ሳል መጣ። ከዚያ «እሺ ብሬ፣ እነግረዋለሁ» አለ ሊባኖስ።

ነገሩ የተጀመረው በፍቅር ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ በፍቅር ነው የሚጀመረው። ሁለተኛው ልጅ ኃይለልዑል አዲስ አበባ ሥራ ቦታው ላይ እንደተቀመጠ ድፍት ብሎ ሲቀር፣ እዚሁ አሜሪካ ፌርፋክስ የሚኖረው ታላቁ ዓብዩ በዚያው ቀን ስመኝንና የመጨረሻውን ልጅ ሊባኖስን በስልክ ሰብስቦ ወሰነ። እናታችን የልብ ኦፐሬሽን እየጠበቀች ነው፤ ድንጋጤ ይገድላታል፤ እሱ ሲያልፍ ሰው ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን። ማንም አልተቃወመም። መርዶ ቀን ተመርጦለት፣ ሽማግሌ ተጠርቶለት፣ በማለዳ የሚነገር ነገር ነው። ፈተና ያለበት ልጅ ፈተናው እስኪያልፍ፣ ያረገዘች እስክትወልድ፣ የታመመ እስኪያገግም ይደበቃል፤ ይህን ያልሠራ ቤተሰብ የለም። የወይዘሮ ብርሃነሽ ስልክ በማግስቱ «ተበላሸ»፤ ተዘግቶ ስመኝ የበረዶ ቦት ጫማ ውስጥ ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ «አልሠራ አለ»። ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተይዞ ይመከራል፤ ጥቁር ለብሶ የመጣ ከስመኝ ቁም ሣጥን ቀለም ያለው ሹራብ ይሰጠዋል። አብርሆት የምትባለው የአንደኛ ፎቅ ጎረቤት ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስቴም ያንኑ ቀይ ሹራብ ስለለበሰች፣ ወይዘሮ ብርሃነሽ «ምስኪን፣ ሌላ ልብስ የላትም መሰለኝ» ብለው አዘኑላት።

ኃይለልዑል ግን በሕይወቱ አንድ እሁድ እንኳ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። የመጀመሪያውን እሁድ «ፊልድ ወጥቷል» ተባለ። በሁለተኛው እናቱ እህል አልቀምስም አሉ። ዓብዩ የሊባኖስን ድምፅ ያስታወሰው ያኔ ነው። የሁለቱ ወንድማማቾች ድምፅ አንድ ነው፤ ናዝሬት እያሉ ጀምሮ በስልክ እናታቸው ይሳሳቱባቸው ነበር። ኃይለልዑልን የማይለየው ሳል ሲጨመርበት፣ «እማዬ» በማለት ፈንታ እሱ እንደሚጠራቸው «ብሬ» ሲባሉ አለቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ ነበር፤ የዛሬው አራተኛው ነው። ዓብዩ ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ ሊባኖስ ከዚያ ወዲህ በራሱ ስም መደወል እንደማይችል ነው። ያው አንድ ድምፅ በሳምንት ሁለቴ፣ አንዴ በሟች አንዴ በራሱ ስም ቢመጣ እናቱ ይነቁበታል። መጥቶ ዓይናቸውን ማየትማ ጭራሽ አልሆንልህ አለው። ስለዚህ የሞተው ልጅ በየእሁዱ ይደውላል፤ በሕይወት ያለው ጠፋ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዚህ ቤት ውሸት ግን እያደር ከበደ።

ስመኝ ሽንኩርቱን ትታ እጇን ታጠበች። ያስለቀሳት ሽንኩርቱ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ዓርብ ዕለት ለኦፐሬሽኑ ዝግጅት ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ነርሷ አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ በስልክ ላቅርብላችሁ ብላ ነበር። ስመኝ «አያስፈልግም፣ ልጇ ነኝ» አለች፤ አስተርጓሚው የተባለውን እንዳለ ነዋ የሚናገረው! ነርሷ የደም ግፊቱን፣ አለርጂውን፣ የሚውጡትን ክኒን ሁሉ ጠይቃ ጠይቃ፣ በመጨረሻ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ በቅርቡ በቤተሰቡ ሐዘን ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። «ምን አለች?» አሉ እናቷ። «ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳታል ወይ ነው የምትለው» አለች ስመኝ። «ይወስደኛል በያት፣ ምስጋና ለሱ» አሉ። ስመኝም ወደ ነርሷ ዞራ «ኖ» አለች። ነርሷም ጻፈች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉልበቷን ያማታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዋሽ የሚነሳባት በሽታ ነው፤ ምክንያቱን ለማንም ነግራ አታውቅም።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ሳሌም ጥሪው ሲጀመር ጆሮዋ ላይ ሄድፎን ጭና ክፍሏን ዘግታ ነበር። ስመኝ በሩን ከፍታ «አያትሽ ጋ ሁኚ፣ አሌክሳንድሪያ አጎትሽ ጋ ደርሼ መጣሁ» ስትላት፣ ልጅቷ ሄድፎኑን ሳታወልቅ «ማም፣ ፊቷን ማየት እኮ አልቻልኩም። ኢትስ ኖት ፌር» አለች። ስመኝ ቁልፏን ይዛ ወጣች። ሊፍቱ ከተበላሸ ወር ሆኖታል፤ ኪራዩ ግን በየዓመቱ መቶ ዶላር ሲጨምር አንድም ጊዜ ተበላሽቶ አያውቅም። ሦስቱን ፎቅ ጉልበቷን እያሸች ወረደች። ከተማውን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ የእሁድ ጠዋት መንገድ ባዶ ነበር፤ ድልድዩን ተሻግራ አሌክሳንድሪያ ስትደርስ ገና አራት ሰዓት አልሆነም።

ሊባኖስ ከሚኖርበት ረጅም ፎቅ ሥር፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናው ውስጥ ነበር። ቤቱን ገብረየስ ከሚባል ደባል ጋር ስለሚጋራ ሞቶ የሚደውለው ከመኪናው ሆኖ ነው። ጥሪው ካለቀ ሰዓት አልፎታል፤ እሱ ግን ስልኩን እንደያዘ ተቀምጧል። ስመኝ በሩን ከፍታ ጎኑ ተቀመጠች። ሊባኖስ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ነው የሚነዳው፤ በሻትሉ የሰዓት ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ፣ እንዳይምታታበት፣ ኃይለልዑል ያለውን ሁሉ ጽፏል፤ አቮካዶው፣ ውሻው፣ ጣራው፣ ለዘበኛው የተጨመረለት ደመወዝ። ኃይለልዑል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወቱ ጣራ ማሠራት ቀርቶ አምፖል ቀይሮ አያውቅም። ከሞተ ወዲህ ግን ታታሪ ሆነ።

«ሰማሽ?» አላት።

«ሰማሁ።»

«ብሞት እንዳይቀብረኝ አለች። ንገረው ብላ ለኔው አደራ ሰጠችኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ የወንድሙ ሳል መጣ። ሁለቱም ደነገጡ። ሳያውቀው ነው የመጣው፤ የሚሰሙት እናቱ በሌሉበት። ሊባኖስ አፉን በእጁ ይዞ ቆየና፣ «ሰው ወንድሙ ሲሞት ያለቅሳል አይደል?» አለ። «እኔ እኮ አላለቀስኩም። እሁድ ሊደውል ነው፤ እንዴት ብዬ ላልቅስለት?» ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ዳሽቦርዱ ውስጥ ከተተው። «ከእንግዲህ አልደውልም። ማክሰኞ ኦፐሬሽን ጠረጴዛው ላይ ከቀረች እኔን ቆርጣ ነው የምትሄደው። ዕድሜ ልኬን ያንን ተሸክሜ እንድኖር ነው ዓብዩ የሚፈልገው? እሱ ልጇ ሆኖ አጠገቧ ይቆማል፤ እኔስ የትኛው ሆኜ ልምጣ?» ስመኝ ትከሻውን ያዘች። በወረቀት ኩባያ የያዘው ሻይ ቀዝቅዟል፤ ያንኑ ተቀባብለው ጠጡ።

ስትመለስ ድልድዩ ላይ ሲስተር አጋታን አሰበች። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል፣ አዲስ አበባ ጉለሌ በኩል የካቶሊክ ሲስተሮች ከሚያስተምሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት። የኦርቶዶክስ ልጅ ከካቶሊክ ቤት ምን ልትለቅም ነው ያለ ዘመድ ብዙ ነበር፤ እናቷ ግን «እንግሊዝኛውን እንጂ ሃይማኖቱን አላልኩ» ብለው አስገቧት። ሲስተር አጋታ የአዲግራት ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጣ የማያውቁ፣ የአንድ እግር ጫማቸው ተረከዙ ስለተንሻፈፈ ሲመጡ ከሩቅ የሚታወቁ። ጥር ላይ እናቷ ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሰው፣ ዳቦ ቆሎ ይዘው መጡ። ከሲስተር ጋር ቢሮ ዘግተው ብዙ ቆዩ፤ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ «ብርድ መታኝ» አሉ፣ ሳሟት፣ ሄዱ። አባቷ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነበር። ከዚያ እስከ ሚኒስትሪ ፈተና ድረስ ለአምስት ወር ከአጎቷ ልጆች የመጣላት ደብዳቤ አልተሰጣትም፤ ምሳ ላይ ሳትጠይቅ ይጨመርላታል፤ እሷ ስትገባ ልጆቹ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን «አባቴ ደህና ነው?» ብላ ጠየቀች። ሲስተር ዓይን ዓይኗን እያዩ «ደህና ነው» አሏት። ፈተናው አልቆ ቤቷ ስትገባ በማለዳ አረዷት። ቤቱ ግን አልቅሶ ጨርሷል፤ ከሰዓት በኋላ ወንድሞቿ ኳስ ሊጫወቱ ወጡ። ድግስ ካለቀ በኋላ እንደደረሰ እንግዳ ብቻዋን አለቀሰች።

መስከረም ላይ ስትመለስ ሲስተር አጋታ ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ አስገቧትና በሩን ዘጉ። ከዚያ ግራጫ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ፤ የጉልበታቸው አጥንት ቋ ሲል ተሰማት። «አምስት ወር ዓይንሽን እያየሁ ዋሽቼሻለሁ» አሉ። «ላንቺ ብዬ ነው አልልሽም። ለቅሶሽን ነው የወሰድኩብሽ፤ ልመልስልሽም አልችልም። ይቅር በይኝ።» ስመኝ ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይታ አታውቅም፤ እንኳን መነኩሲት! «ይነሱ ሲስተር፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አለች። አልተነሱም። ግራ ሲገባት እሷም ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች፤ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ እስካሁን ጉልበቷ ውስጥ አለ። ያቺ ሩብ ሰዓት ስመኝን ለኑሮ የማትመች ሰው አደረገቻት። አሜሪካ ስትመጣ የጥገኝነት ወረቀቷን የያዘላት ሰው ታሪክሽ ላይ ትንሽ ጨምሪበት ሲላት ያልሆነውን ሆኗል አልልም ብላ ዘጠኝ ዓመት ተጎተተች። የሳሌም አባት «አንቺ ያገባሽው ሲስተርሽን ነው» ብሎ ሄደ። እናቷም ሲናደዱ «የሲስተሯ ልጅ» ይሏታል። ሲስተር አጋታ ከሞቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ስመኝ አንዳንድ ቀን ታማርራቸዋለች። ሌላው ሰው ዋሽቶ እንቅልፉን ይተኛል።

ከቤቷ ሥር መኪናዋን አቁማ ለዓብዩ ደወለች። ዛሬ ልነግራት ነው አለችው።

«አብደሻል እንዴ?» አለ። «ማክሰኞ ነው እኮ! ሁለት ቀን! ሰርጀሪው ይለፍ፣ ከዚያ ቄስ ጠርተን፣ ሰው ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን።»

«ካላለፈስ?»

 ከዓብዩ ኋላ የልጆች ካርቱን ይሰማል። «ስመኝ፣ እናቴ አንድ ነገር ብትሆን አንቺ ነሽ የገደልሻት» አለ ቀስ ብሎ። «ለቀስተኛው ፊት ነው የምናገረው።» ስልኩን ዘጋው። ዓብዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው፤ ልክ ሊሆንም ይችላል። ሐኪሙ ራሱ ከድንጋጤ ጠብቋት ብሏል። ስመኝ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ሽቅብ ወጥታ ብትናገር እናቷን ልትገድል ትችላለች፤ ዝም ብትል እናቷ በሕይወት ያለ ልጃቸውን ቀብረው ይሄዳሉ። ሲስተር አጋታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር ብላ አልጠየቀችም፤ ሲስተርም ዋሽተዋል። ይቅርታ የጠየቁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ እናቷ ግን «በኋላ» የሚባል ነገር ላይኖራቸው ይችላል። ፈርታ፣ በጣም ፈርታ፣ ደረጃውን ወጣች።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ሶፋው ላይ የሆስፒታል ሻንጣቸውን እያዘጋጁ ነበር፤ ነጠላ ጫማ፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ የሆስፒታል ምግብ አላምንም ብለው በፌስታል የቋጠሩት በሶ። ሳሌም አጠገባቸው ተቀምጣ ካልሲ ታጣጥፋለች። ስመኝ ልጇን ክፍልሽ ግቢ አላለቻትም። ጫማዋን አውልቃ እናቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች።

«ምን ወደቀብሽ?» አሉ እናቷ፣ ሊያግዟት ጎንበስ ብለው።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ዓርብ ነርሷ የጠየቀችሽ ስለ እንቅልፍ አልነበረም። ሐዘን ደርሶባታል ወይ ነው ያለችው።» ቀና ብላ ዓይናቸውን አየች። «ኃይለልዑል ሞቷል እማዬ። ዛሬ ሠላሳ አምስት ቀኑ ነው። ለቅሶሽን ወሰድንብሽ። ይቅር በይኝ።»

ወይዘሮ ብርሃነሽ አልጮኹም። በሩን በሩን አዩ፤ መርዶ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሚገባ ሰው ጠበቁ። ማንም አልገባም። «ብቻሽን?» አሉ። «ብቻዬን» አለች። ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ቆጠሩና «አርባው ዓርብ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሲመጣ ስመኝ ክንዳቸውን ያዘች፤ ሳሌም ስልኳን አንስታ ለአምቡላንስ ዘጠኝ አንድ አንድ ልትደውል ጣቷን አዘጋጀች። ትንፋሻቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ፊታቸው ሌላ ሆነ፤ የሞቱ ነገር ብቻ አልነበረም። «ታዲያ እሁድ እሁድ የሚደውለው ማነው?» አሉ። በስልክ ከኃይለልዑል የማይለዩት አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው። ሳሌም ካልሲውን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። «ጠዋት ያልኩትን ሁሉ እሱ ነው የሰማው?»

«እሱ ነው።»

 ታች መንገዱ ላይ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ሙዚቃ ከፍቶ ያልፋል። «ያቺን ሲስተር እግሯ ላይ ወድቄ ያስዋሸኋት እኔ ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺንም ብቻሽን ነው ያስለቀስኩሽ።» ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላሉም። «ስልኬን አምጡልኝ» አሉ።

ሳሌም ከቦት ጫማው ውስጥ አውጥታ ቻርጀር ላይ ሰካችው። ሲበራ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ መጮህ ጀመረ። የሠላሳ አምስት ቀን መልእክት በአንድ ጊዜ ገባ፤ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ከናዝሬት፣ ከዱባይ፣ ከዚሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጫፍ ደርሶ ሊወድቅ ሲል ሳሌም ያዘችው። የወይዘሮ ብርሃነሽ ዓይን ያንን ትንሽ ፊደል አያይም፤ ድምፁን ብቻ አዳመጡ። አልቋል ሲሉት እንደገና ይጀምራል።

«ይህ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር?» አሉ። «ያቺ ባለ ቀይ ሹራቧም?»

«አብርሆትም» አለች ስመኝ። ወይዘሮ ብርሃነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከሁሉም ነገር ያቺ ሹራብ የበለጠ ያዋረደቻቸው ይመስሉ ነበር። «በዚያው በእሁዱ ስልክ ደውዪለት» አሉ።

ሊባኖስ የስመኝን ቁጥር አይቶ አነሳ። «ወዬ ስሙ፣ ቤት ገባሽ?» አለ።

«ሄሎ» አሉ እናቱ።

ያ ሳል መጣ፤ ከዚያ የተሰበረ ድምፅ፣ «ብሬ...»

«ሊባኖስ» አሉ።

ከወዲያ በኩል የሚያልፉ መኪኖች ብቻ ይሰማሉ።

«አንተ ሊባኖስ!»

«አቤት፣ እማዬ» አለ።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸው በማለዳ ሰው ቤት እንደሚገባ ሽማግሌ የረጋ ነበር። «ልጄ፣ በርታ» አሉት። «ወንድምህ ኃይለልዑል አርፏል።» ይህን እስካሁን ማንም በወጉ አልነገረውም ነበር፤ እሱ የሰማው ከዓብዩ በስልክ፣ ሻትል እየነዳ፣ «ለእማዬ እንዳታወራ» ከሚል ትእዛዝ ጋር ነው። ሊባኖስ በሠላሳ አምስተኛው ቀን ወንድሙን አለቀሰ፤ ጩኸቱ የስመኝን ትንሽ ሳሎን ሞላው። እናቱም ያን ጊዜ ነው አብረውት ያለቀሱት። ስልኩን ማክሰኞ የሚከፈተው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘው፣ «አልቅስ» ይሉታል፣ «አልቅስ ልጄ። ማክሰኞ የምትወስደኝ አንተ ነህ። ብሞትም አንተ ቅበረኝ።»

ስመኝ አሁንም እንደተንበረከከች ነበር። ተነሺ ያላት የለም።